ደወል ይጠራል እንጂ አይሰብክም፦ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አጭር የስልክ መልእክት

 ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚያደርስ ነው። አሁን ያልተመቸው ያስቀምጠውና ማታ ይመለስበት።

ሰሞኑን ከቢስቲማም፣ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም በሰንበት ትምህርት ቤትና በሰበካ ጉባኤ የምታገለግሉ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁኛል። «ጋሼ፣ ለምእመናኑ በኤስኤምኤስ መልእክት መላክ ልንጀምር ነው። አንዳንድ አባቶች ‹ቤተ ክርስቲያን ደወል አላት፣ ስልክ ምን ይሠራላታል› ይሉናል። ከወጣቱ ደግሞ ሁሉንም ነገር በስልክ እንጨርሰው የሚል አለ። ማን ነው ልክ?» ብላችኋል።

የታሪክ አስተማሪ ስትጠይቁ መልሱ ከሩቅ እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ግን እንዳታማርሩ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አባቶችም ልክ ናቸው፣ ወጣቶቹም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የረሱት ነገር አለ። አጭር መልእክት የደወል ታናሽ ወንድም ነው። የደወልን ሥራ ስጡት፣ ያግዛችኋል። የካህንን፣ የሽማግሌን፣ የጎረቤትን ሥራ ከሰጣችሁት ግን ሰው ያስቀይማል፤ ሲብስም ሰው ያጣላል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ታሪኩ ይናገር።

ደወሉ እና ወንጌሉ

ቤተ ክርስቲያን መልእክት መላክ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ያ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ሰው፣ በየዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለአብያተ ክርስቲያናት ይጽፍ ነበር። የደብዳቤው ዋና ጉዳይ ቀላል ነው፤ ጾም በዚህ ቀን ይገባል፣ ትንሣኤ በዚህ ቀን ይውላል። በ367 እ.ኤ.አ. የጻፈው 39ኛው ደብዳቤ ደግሞ ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቆጥሮ በማስቀመጡ በዓለም ይታወቃል። ደብዳቤው ቀኑን ለመናገር ተነሣ፤ አደራውንም አብሮ አደረሰ። እኛም ዘንድ በዘመን መለወጫ ሊቃውንቱ ባሕረ ሐሳቡን አውጥተው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለሕዝብ ያሰማሉ። ይህም ያው የቀን መልእክት ነው።

የሰበካ ጉባኤያችን መተዳደሪያ ደንብ ስሙ ማን ነው? «ቃለ ዓዋዲ»። የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙን የሰጡት ሰዎች የአጥቢያ አስተዳደር ግማሹ መናገርና ማሰማት መሆኑን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከቢስቲማ ብዙም ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ሲመሩ የተጻፈ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ወንጌል ቅጠሎች ላይ ከቅዱሱ ቃል ጎን ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትና ንብረቶች ተመዝግበዋል። ለምን ወንጌል ላይ? እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረዝ፣ ማንም ተነሥቶ «እንዲህ አልተባለም» እንዳይል ነው። ለትውልድ የሚቆየው ነገር ብራና ላይ ይሰፍራል።

በዚያው ግቢ ግን ደወል አለ። በድሮ ገዳማትና አድባራት እንደምታዩት አንዳንዱ ደወል ብረት አይደለም፤ ተንጠልጥሎ በድንጋይ የሚመታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ደወል የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ኑ!» ለቅዳሴ በአንድ ዓይነት፣ ለአደጋ በሌላ ዓይነት ይመታል፤ ግን ትርጉሙ ከዚያ አያልፍም። ደወል አይተረጉምም፣ አይወቅስም፣ ገንዘብ አይቆጥርም፣ ሐሜት አያወራም። የቀረውን ስትደርስ ከሰው አፍ ትሰማለህ።

የወሎ ልጆች ናችሁና ይህ የክርስቲያኑ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ቢስቲማ ላይ ሌሊቱን የሚቀሰቅሰን አዛኑ ነው። አዛንም ቃሉ የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ ጥሪ ነው። ሙአዚኑ የራሱን አስተያየት አይጨምርበትም። ለዚህ ነው በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ያልሰለቸው። ጥሪ ከጥሪነቱ ካላለፈ አይሰለችም።

ወረኢሉና ቦሩ ሜዳ

ከደወሉ ቀጥሎ ነጋሪቱ ይመጣል። የሁላችንም ሀገር ሁለት ትልልቅ አዋጆችን ያውቃል፤ ሁለቱም ደቡብ ወሎን ነክተው ያለፉ ናቸው።

የመጀመሪያው የዐድዋው ክተት ነው። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን አዋጅ እስቲ እንደ መልእክት ላኪ ሆናችሁ እዩት። ላኪው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የተጠራው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ምክንያቱ ተነግሯል፤ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በጸሎቱና በሐዘኑ እንዲረዳ፣ ለእያንዳንዱ የሚሠራው ተነግሮታል። የመገናኛው ቦታ ወረኢሉ፣ ጊዜው የጥቅምት አጋማሽ ነው። በቃ። በዚያ ላይ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚል ልማድ አለና አንዱ ገበያ የሰማው በሚቀጥለው ቀን ሌላ ገበያ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሠራዊት ያለ ስልክ የተንቀሳቀሰው ንግግር ስለበዛ አልነበረም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚሉት አራቱ ነገሮች ስላልጎደሉ ነው።

ሁለተኛው ከዚያ በፊት ነው፤ እሱ ይከብዳል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የተዋሕዶ፣ የቅብዓትና የጸጋ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲያለያያቸው በነበረው የሃይማኖት ክርክር ላይ ፊት ለፊት ቀረቡ። ክርክሩ በሰው ፊት፣ ቃል በቃል ነው የተደረገው። የነገሩን ክብደት ያውቁ ነበርና በመልእክተኛ አልጨረሱትም።

ግን ከዚያው ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የመጣው በትእዛዝ ነበር፤ ተጠመቁ የሚል። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። ብዙው ሕዝብ ግን በልቡ አልተቀበለውም፤ የተሰደደ አለ፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ተቃውሞ የተነሣ አለ። ይህን የማነሣው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ቅሬ አብረን የምንገባ፣ ሠርግና ለቅሶ አብረን የምንውል ሰዎች ነን። የማነሣው ለመልእክት ላኪ ትምህርት ስላለው ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱ አፍ ነበራቸው፤ የወሎ ሙስሊም ግን መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም። መልስ የማይቀበል መልእክት ሰውን ያንበረክክ ይሆናል እንጂ አያሳምንም። ስልክም ላይ ያው ነው። ሰበካ ጉባኤው ለሺህ ሰው ልኮ የአንዱንም መልስ የማይሰማ ከሆነ፣ መገናኛ አልፈጠረም፤ ትንሽ ነጋሪት ነው የገዛው።

ማኅተሙ

ደብዳቤስ? የድሮ ደብዳቤያችን ሥርዓት ነበረው። «ይድረስ ለ» ብሎ የተቀባዩን ስም ይጠራል፣ ጤና ይጠይቃል፣ ላኪው የራሱን ደኅንነት ይናገራል፣ ከዚያ ነው ጉዳዩ የሚገባው። የነገሥታቱ ከሆነ ማኅተም አለበት። ማኅተም የሌለው ወረቀት ማንም ይጽፈዋል።

ሌላም ነገር ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ አብዛኛው ሰው ራሱ አያነበውም፤ የሚያነብለት ሰው አለ። ካህን ያነብለታል፣ ደብተራ ያነብለታል፣ በኋላም የተማረ ልጅ ያነብለታል። ስለዚህ ጸሐፊው «ይህን አንድ ሦስተኛ ሰው ይሰማዋል» ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህ ነገር አልቋል እንዳትሉ። ዛሬም በገጠሩ የአጥቢያችን እናቶች ስልክ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ነው። አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው። የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ «ያ የነገርሽኝ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጽፍ፣ በቅን ልብ ነው የጻፈው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበው ግን የ12 ዓመት ልጇ ሊሆን ይችላል። በጆሮ የተነገረ ምስጢር ጆሮ ላይ ይቀራል፤ የተጻፈ ግን ስልኩ እስካለ አለ።

ገናን ያበሠረው መልእክት

ስልክ ወደ ሀገራችን ሲገባ አንዳንድ ካህናት «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ምኒልክን እንደተቃወሙ ይተረካል። ኢትዮ ቴሌኮም ልደቱን የሚቆጥረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ እያደር ወደ እኛም መጣ።

አጭር መልእክት ራሱ ግን ታሪኩ ደስ ይላል። በዓለም የመጀመሪያው ኤስኤምኤስ የተላከው በታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንግሊዝ ሀገር ነው። ኒል ፓፕወርዝ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከኮምፒውተር ወደ ሪቻርድ ጃርቪስ ስልክ ላከው። ምን ብሎ? «መልካም ገና»። እንግዲህ የዚህ ነገር የመጀመሪያ ቃል የበዓል ሰላምታ ነው። ስልክ የሰይጣን ነው ለሚል ሰው ይህችን ንገሩልኝ።

መጠኑስ ለምን አጭር ሆነ? በ1985 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ ዓረፍተ ነገሮችን በታይፕ እየጻፈ ሲቆጥር፣ ሰው አንድ ሐሳብ ለማድረስ ከ160 ፊደል ብዙም እንደማያልፍ አየ። ፖስት ካርድም ላይ ሰው የሚጽፈው ያንኑ ያህል ነበር። መጠኑ በዚያ ጸና።

አሁን ለእኛ የምትጠቅመዋን ስሙኝ። 160ው ለላቲን ፊደል ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ የላቲኑ ፊደል በትንሽ ቦታ ሲታጨቅ የእኛ ፊደል ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ በግእዝ ፊደል ስንጽፍ አንድ መልእክት 70 ብቻ ይይዛል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ቆራርጦ ይልከዋል፣ ሒሳቡም እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል። በድሮዎቹ ስልኮች ደግሞ የአብዛኞቹ ችግር ከዚህ የባሰ ነበር፤ ፊደላችንን ጭራሽ አያውቁትም። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመድነው ከዚያ ወዲህ ነው። ወጣቱ ይግባባበታል፤ ዳዊት የሚደግሙ እናት ግን አያነቡትም። ፊደል ቆጥረው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ በራሳቸው ፊደል ብትጽፉላቸው ያነቡ ነበር። ለወጪ ብሎ በላቲን መጻፍ ማለት መልእክቱን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ማራቅ ነው። በፊደላችን ጻፉ፤ ከ70 አታሳልፉ። 70 ፊደል ትንሽ ናት እንዳትሉ፦

«ቅዱስ ሚካኤል ሰ/ት/ቤት፦ ጉባኤ እሑድ ጥቅምት 9 ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ አዳራሽ።»

ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 49 ናት። ላኪው አለ፣ ጉዳዩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ቦታው አለ። ወረኢሉ ማለት እንዲህ ነው። «ከጠዋቱ» የምትለዋን ደግሞ አትጣሉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ በሀገራችን እንቆጥራለን፤ «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የቀረው ስንቱ ነው!

መንገዱ የማን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ደወሉ የአጥቢያው ነው፤ ገመዱን የሚስበው ዲያቆን ነው። ስልኩ ግን የሌላ ነው። ይህን ታሪክ ደጋግሞ አስተምሮናል።

ብስራተ ወንጌል ሬድዮን የምታስታውሱ አላችሁ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ስርጭት የጀመረ ትልቅ ጣቢያ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ ማሰራጫው የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። በሬድዮው ላይ ብቻ ተደግፎ የነበረ አድማጭ አንድ ቀን ሲነሣ ወንጌሉ የለም። በቤቱ የሚሰበሰብ፣ ጎረቤቱን የሚያውቅ ምእመን ግን ቀጠለ።

ኤስኤምኤስም አምልጦ አያውቅም። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ በኋላ፣ ተቃዋሚዎች ሰው ለመቀስቀስ ተጠቅመውበታልና በሰኔ 1997 አገልግሎቱ ተዘጋ። የተመለሰው ሚሊኒየሙ ሲብት ነው፤ ከ2 ዓመት በላይ መላው ሀገር አጭር መልእክት አልነበረውም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። አትሳቁ።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ሁላችሁም አይታችኋል። ጥር 14 ቀን ወሊሶ አጠገብ ሀሮ በዓለ ወልድ ላይ ከሲኖዶሱ እውቅና ውጭ ሹመት ተሰጠ። ቅዱስ ሲኖዶስ በጾመ ነነዌ ሦስቱን ቀን ምእመኑ ጥቁር እንዲለብስ ጠራ። ያ መልእክት ምን ያህል አጭር እንደነበረ አስቡት፦ ጥቁር፣ ነነዌ፣ ሦስት ቀን። ሕፃን ይይዘዋል። በሰዓታት ውስጥ ሀገር ዳረሰ። ከዚያ ለየካቲት 5 ሰልፍ ሲጠራ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳውም ለወራት ቆየ። ሰልፉ በንግግር ተላለፈ፤ መላለፉን ለምእመኑ ማሰማትም ሌላ ሥራ ሆነ። ጥሪን ማሠራጨት ቀላል ነው፤ ጥሪን መመለስ ነው ከባዱ። ከመላካችሁ በፊት «ይህን ነገ ብሰርዘው ሁሉም ይሰማኛል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

የእኛን ደግሞ ማን ይረሳዋል? በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልክ ጠፍቶ ነበር። ልጅ የእናቱን ድምፅ አጥቶ ከረመ። በ2015 ማብቂያም ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን ብዙ ቦታ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተመካ ሁሉ ጨለመበት። ኔትወርኩ በሠራበት ቦታ ግን ያቺ ያረጀች ኤስኤምኤስ እንደገና ሰው ሆነች፤ ዳታ አትፈልግም፣ በ«ቁልፍ ስልክ» ትገባለች። ስለዚህ ወጣቶቹ ኤስኤምኤስ እንጀምር ማለታችሁ ልክ ነው፤ ለገጠር አጥቢያ ከቴሌግራም ይልቅ እሷ ትሻላለች። አባቶችም ደወሉን አትጣሉ ማለታቸው ልክ ነው፤ እሷም በጠፋች ቀን የሚቀረው ደወሉና የሰው እግር ነው።

ከመብዛቱ የተነሣ ያልተሰማው

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2012 ኮሮና ሲገባ፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 11 ቀን ብዙዎቻችን በየቤታችን ስናሳልፍ፣ ስልክ በደወላችሁ ቁጥር ከጥሪው ድምፅ ቀድሞ ስለ ንጽሕና የሚናገር መልእክት ይሰማ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም አዳመጥን። በሦስተኛው ወር ማን ያዳምጥ ነበር? መልእክቱ እውነት ነው፣ ጠቃሚ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ስለነበረ ጆሮ ዘጋበት። ቤተ ክርስቲያን በሳምንት አምስት ጊዜ ጥቅስ፣ ምስል፣ «አሜን በሉ» የምትልክ ከሆነች፣ የእውነት ጥሪ ሲመጣ ሰው ሳያነብ ያጠፋዋል። ደወል ቀኑን ሙሉ ቢመታ ማን ይነሣል?

«ይህን ለ10 ሰው ካልላክህ መቅሠፍት ይመጣብሃል» የሚለውንም ታውቁታላችሁ። በእመቤታችን ስም፣ በቅዱሳን ስም ይዞራል። ድሮም በወረቀት እየተገለበጠ ይዞር ነበር፤ አዲስ አይደለም። ማኅተም የሌለው፣ ላኪው የማይታወቅ፣ በማስፈራራት የሚሄድ መልእክት የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከእናንተ የአጥቢያ ቁጥር አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ያስተላለፋችሁ ቀን፣ ማኅተማችሁ ተሰበረ በሉ። እንደኛ ባለ ሀገር ደግሞ ከዚህ የሚብስ አለ። «እዚህ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ»፣ «እዚያ መስጊድ ተነካ» የሚል ያልተጣራ ወሬ በአንድ ሌሊት የስንት ዘመን ጉርብትና ይፈጃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ ወደ ሌላ አታስተላልፉ። ተነሡና ሂዱ፤ ካህኑን ጠይቁ፣ ሼሁን ጠይቁ፣ የቅሬውን ዳኛ ጠይቁ። በእግር የሚጣራን ነገር በጣት አትጨርሱት።

መርዶ

የመጨረሻው ነገሬ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

አባቶቻችን መርዶን እንዴት ይነግሩ እንደነበር አስታውሱ። ሰው ሲሞትበት ወዲያው አይነገረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ራት እስኪበላ፣ እንቅልፉን እስኪተኛ ይጠበቃል። ሊነጋጋ ሲል ነው የሚኬደው። ሲነገረው የሚይዘው ክንድ አጠገቡ አለ፣ ውኃ የሚያቀርብ አለ፣ አብሮ የሚያለቅስ አለ። ይህ ሥርዓት ከፍርሃት የመጣ አይደለም። ቃሉ ከባድ ስለሆነ ብቻውን እንዳይላክ ነው፤ ከሰው ጋር ነው የሚላከው።

ቅሬም ያለው ለዚህ ነው። ጥሩምባው ለሰፈሩ «ኑ» ይላል፤ ሐዘንተኛውን የሚያረዳው ግን ጥሩምባው አይደለም። እነዚህን ሁለቱን አትደባልቁ። ዛሬ ግን ምን ይደረጋል? «የአቶ እገሌ ሥርዓተ ቀብር ዛሬ በ8 ሰዓት» የሚል መልእክት ለሁሉም ይለቀቃል፤ ከተቀባዮቹ አንዷ አዳማ ወይም ቤይሩት ሥራ ላይ ያለች የሟች ልጅ ናት። በሰው ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ብቻዋን ቆማ፣ የአባቷን ሞት በጥቂት ፊደል ታነባለች። ማን ያዝ ያድርጋት? ልኮ የበደላት ሰው የለም፤ ሁሉም በቅንነት ነው የላከው። ግን ጥሪውን ከመርዶው የለየ ሰው ጠፋ።

እንግዲህ በየአጥቢያችሁ ይህችን አንዲት ሕግ አውጡ፦ የሞት መልእክት ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው «ቤተሰቡ ሁሉ ተረድቷል ወይ? ውጭ ያሉትስ?» ብሎ ይጠይቅ። ያልተረዳ ካለ፣ እሱ ወዳለበት ሀገር የሚገኝ ዘመድ ወይም ካህን ይፈለግ፤ በሩን አንኳኩቶ ይንገረው። መልእክቱ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ቀብሩ አይቀርም።

ባጭሩ

ለጠየቃችሁኝ ልጆች እንዲህ ብዬ ላሳጥር። ጉባኤ፣ የቅዳሴ ሰዓት ለውጥ፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የጉዞ መነሻ፣ የንግሥ ቀን፣ ይህን ሁሉ በአጭር መልእክት ላኩ። ከአንድ ከታወቀ ቁጥር ላኩ፤ ቁጥሩንም እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ካህኑ ለምእመኑ ያስታውቅ፤ ያ ነው ማኅተማችሁ። ገንዘብ የምትለምኑ ከሆነ የሒሳብ ቁጥሩን በስልክ ብቻ አትላኩ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉትና «ሰሌዳውን እዩ» በሉ። አንድ ፊደል ቀይሮ የሚያጭበረብር ሞልቷልና። ስልኩን ለማስገባት የማይፈልግን ሰው አታስገድዱ፤ ይቅርብኝ ያለውንም አውጡት፤ በሌላ መንገድ ይሰማል። ስልክ የሌላቸውን አዛውንት በየሰፈሩ ቆጥራችሁ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚነግር አንድ ልጅ መድቡ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ማለት ይኸው ነው።

ተግሣጽ፣ ምስጢር፣ እርቅ፣ የሃይማኖት ክርክርና መርዶ ግን በስልክ አይሄዱም። ለእነዚህ እግር አላችሁ። መንገዱ ዳገት ነው ካላችሁኝ፣ አውቀዋለሁ፣ የወረባቦ ዳገት ነው። አባቶቻችን ወጥተውታል።

እስቲ በየአጥቢያችሁ፣ በየመስጊዳችሁና በየቅሬያችሁ እንዴት እንደምትሠሩበት ከታች ጻፉልኝ። በተለይ የመርዶውን ነገር መላ ያበጃችሁለት ካላችሁ ለሌላው ትጠቅማላችሁ። ቸር ያሰማን።